የጌም ወርኃዊ ክፍያ ከፊልም የሚበልጠው ለምንድን ነው?

በሳልሚያ በሚገኝ አንድ አፓርታማ ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን ቢበሩ፣ በአንዱ ፊልም በሌላው ጌም ቢታይ፣ ለዓይን እምብዛም ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ምስሉን በኢንተርኔት ይቀበላሉ፤ ለሁለቱም በየወሩ ይከፈላል። የክፍያው መጠን ግን የተራራቀ ነው።

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በአሜሪካ የመደበኛ አገልግሎቱን ወርኃዊ ዋጋ 17.99 ዶላር አድርሷል። ማይክሮሶፍት ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት የ«ጌም ፓስ አልቲሜት»ን ዋጋ ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ከፍ አድርጓል። በግርድፉ ሲመነዘር የመጀመሪያው አምስት ዲናር ተኩል፣ ሁለተኛው ዘጠኝ ዲናር ይሆናል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2016 ለቤት ሠራተኞች የወሰነችው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው። ለታናሽ ወንድሟ ይህን አገልግሎት ልትገዛለት ያሰበች ሠራተኛ የአራት ቀን ተኩል ደመወዟን ታወጣለች ማለት ነው።

የልዩነቱን ምክንያት አዲስ አበባ ያደገ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። በቀድሞው ቪዲዮ ቤት አንድ ካሴት ለተሰበሰበው ሁሉ ይታይ ነበር፤ ተመልካች ቢጨመር የባለቤቱ ወጪ አይጨምርም። በፕሌይስቴሽን ቤት ግን አንዱ የያዘውን መሣሪያ ሌላው ሊነካው አይችልም፤ ስለዚህ ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። የኢንተርኔቱም ነገር ከዚህ አይለይም። አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ፊልም ለሺዎች ይላካል። ጌም ግን እያንዳንዱ ተጫዋች በተጫነው ቁልፍ መሠረት ምስሉ በዚያው ቅጽበት የሚሠራ በመሆኑ፣ በሩቅ ያለ የኮምፒዩተር አቅም ለእርሱ ብቻ ይያዝለታል።

ኤንቪዲያ «ጂፎርስ ናው» በተባለው አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ለአዳዲስ ከፋዮች በወር የ100 ሰዓት ገደብ ማበጀቱ ይህንኑ ያሳያል። ኔትፍሊክስ ለደንበኛው የሰዓት ገደብ አያበጅም፤ ማበጀትም አያስፈልገውም። የጎግል «ስታዲያ» እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የተዘጋው በቂ ተጠቃሚ ባለማግኘቱ ነው፤ ጎግል ለጌሞቹ የተከፈለውን ገንዘብ መልሷል።

ርቀትም ዋጋ አለው። ፊልም ጥቂት አስቀድሞ ተጭኖ ይጠብቃል፤ የጌም ትእዛዝ ግን ወደ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ ያለው መዘግየት በእጅ ይታወቃል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2022 «ፕሌይስቴሽን ፕላስ»ን በደረጃ ሲከፍል፣ ይህ ስርጭት በሌለባቸው ገበያዎች «ዴሉክስ» የተባለ ረከስ ያለ ደረጃ ያቀረበውም ስርጭቱ ሁሉም ዘንድ ስለማይደርስ ነው።

እንግዲህ ጭማሪው ከወጪ አንጻር ምክንያት አለው። በወር 40 ሰዓት ለሚጫወት ሰው ዘጠኝ ዲናር በሰዓት 225 ፊልስ ነው፤ 20 ሰዓት ፊልም የሚያይ 275 ፊልስ ያወጣል። በወር ሁለት ቀን ብቻ ለሚጫወት ግን ስሌቱ ይገለበጣል። «ጌም ፓስ» ጌሞቹን ወደ ቤት መሣሪያ ለማውረድም ስለሚያስችል ክፍያው የስርጭቱ ብቻ አይደለም። ለመከላከል የሚያስቸግረው ሌላው አሠራር ነው፦ በ«ጂፎርስ ናው» ወርኃዊ ክፍያው የኮምፒዩተሩ ኪራይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጌም ተጫዋቹ ለብቻው መግዛት አለበት። ፊልሙን ገዝተህ ና የሚል የፊልም ቤት የለም። ካርድ ከመግዛት በፊት አገልግሎቱ ኩዌት ውስጥ በይፋ መኖሩን፣ ጌሙም በዋጋው መካተቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።