ከጌም ኦፍ ትሮንስ ጀርባ ያለው የእውነት የዙፋን ጠብ

ጌም ኦፍ ትሮንስን ያየ ሰው ስታርክና ላኒስተርን አይረሳም። ለታሪኩ መነሻ የሆኑት በእንግሊዝ ዙፋን የተፋጁት ዮርክና ላንካስተር ናቸው።

ሁለቱም የንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ዘሮች ናቸው። ታዲያ ምን አጣላቸው? ላንካስተሮች የሚወለዱት ከታናሹ ልጅ ነው፣ ግን በወንድ ሐረግ። ዮርኮች ደግሞ ከታላቁ፣ ግን በሴት በኩል። የሴት ሐረግ ዙፋን ያወርሳል ወይ? ነገሩ እዚህ ጋ ነው የተቋጠረው።

እ.ኤ.አ. በ1453 የላንካስተሩ ሄንሪ 6ኛ አእምሮው ታወከ፤ የተወለደለትን ልጅ እንኳ አላወቀውም። የዮርኩ መስፍን ሪቻርድ እንደራሴ ሆነ። ንጉሡ ሲሻለው ግን ገለል ተደረገ፣ በ1455 ውጊያ ተጀመረ።

በ1460 ፓርላማው "ሄንሪ እስኪሞት ይንገሥ፣ ከዚያ ሪቻርድና ልጆቹ ይውረሱ" ብሎ አስማማ። ንግሥት ማርጋሬት ግን ልጄ ተነቅሎማ አይሆንም አለች (እናት ናትና ማን ይፈርድባታል)። ታህሣሥ ላይ ሪቻርድ ዌክፊልድ ላይ ተገደለ፤ ጭንቅላቱን የወረቀት ዘውድ ደፍተውበት ዮርክ ከተማ በር ላይ ሰቀሉት። ሦስት ወር ሳይሞላ የ18 ዓመቱ ልጁ ኤድዋርድ ነገሠ።

የሚገርመው መጨረሻው ነው። በ1485 የመጨረሻውን የዮርክ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛን ድል ነስቶ ዘውዱን የወሰደው ሄንሪ ቱዶር ከላንካስተር ቤት የሚወለደው በእናቱ ነው።