ማሰል ዛጎሉን እንዴት ይሠራል?

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ብቅ የሚሉት ዓለቶች ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ መስለው ይታያሉ። ቀለሙ ግን የዓለቱ አይደለም። ጎን ለጎን ተጣብቀው ዓለቱን የሸፈኑት በሺዎች የሚቆጠሩ ዛጎሎች ናቸው። ባለቤታቸው ሰማያዊ ማሰል የተባለ የባሕር እንስሳ ሲሆን፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሚቲሉስ ኤዱሊስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል። ይህ እንስሳ አጥንትም ጭንቅላትም የለውም። ለስላሳ ሥጋውን ከጠላትና ከድርቀት የሚጠብቅለት ባለ ሁለት ክዳኑ ዛጎል ነው።

ዛጎሉን የሚሠራው ራሱ ማሰሉ ነው፤ ሲያድግ ያሰፋዋል፣ አደጋ ሲሰማው ደግሞ ያወፍረዋል። ግንባታው የሚከናወነው ሥጋውን ዙሪያውን በሚሸፍነው ማንትል በተባለ ስስ አካል ነው። ማንትል በባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟውን ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ያዋሕዳል። ውጤቱ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል፤ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ የተሠሩበት ያው ማዕድን ነው።

ዛጎሉ ሦስት ንጣፎች አሉት። የውጪው ከፕሮቲን የተሠራ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ከሥሩ ያለውን ማዕድን ውሃው እንዳይበላው ይከላከላል። መካከለኛው ካልሳይት ከተባለ የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት የተሠራ ነው። የውስጠኛው፣ የሚያብረቀርቀው ንጣፍ ደግሞ አራጎናይት ከተባለው ሌላ ዓይነት ይሠራል። በዚህ ንጣፍ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የማዕድን ጠፍጣፎች እንደ ግድግዳ ጡብ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ስስ የፕሮቲን ማያያዣ ይገባል። ስንጥቅ ሲጀምር በቀጥታ ማለፍ አይችልም፤ በየጠፍጣፉ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ጉልበቱን ይጨርሳል። ተሰባሪ ከሆነ ማዕድን ጠንካራ ነገር የወጣው በዚህ አደራደር ነው። የቁሳቁስ መሐንዲሶችም ይህንኑ አሠራር አጥንተው በላብራቶሪ ለመድገም ይጥራሉ።

ሁለቱን ክዳኖች የሚያያይዛቸው ተለጣጭ ማጠፊያ ዘወትር ወደ መክፈት ይገፋል። የሚዘጋቸው የእንስሳው ጡንቻ ነው። ማሰል ሲሞት ጡንቻው ስለሚላላ ዛጎሉ ይከፈታል፤ ማሰል የሚያበስሉ ሰዎች ከማብሰላቸው በፊት ተከፍቶ፣ ሲነካም የማይዘጋውን የሚጥሉት ለዚህ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ማሰሉ ክዳኑን ገጥሞ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ውሃው ሲመለስ ይከፍትና ምግቡን ማጣራት ይጀምራል፤ አንድ ያደገ ማሰል በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ማጣራት ይችላል። ከምግቡ ጋር በውሃው ውስጥ ያለው ብክለትም በአካሉ ይጠራቀማል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ማሰልና መሰል እንስሳትን እየሰበሰበ የባሕር ዳርቻዎቹን ብክለት ይከታተላል።

ማሰል ለአካባቢው ምን ያህል ንቁ እንደሆነ በግልጽ ያሳየው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ኢንግላንድ በተባለው አካባቢ የተደረገ ጥናት ነው። ከእስያ የመጣ አንድ የሸርጣን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1988 በኒው ጀርሲ ዳርቻ ታየ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ተስፋፋ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ውጤት፣ ሸርጣኑ በደረሰባቸው ቦታዎች የሚኖሩ ማሰሎች ሽታውን በውሃው ውስጥ ሲያገኙ ዛጎላቸውን አወፈሩ። ሸርጣኑ ገና ባልደረሰበት በሰሜኑ ክፍል የሚኖሩት ግን ያንኑ ሽታ አላወቁትም፤ ዛጎላቸውም አልተለወጠም። አዲሱን ጠላት ለይቶ የማወቅ ችሎታ የተገኘው በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ነበር።

ሌላው አደጋ ግን ዛጎል በማወፈር ብቻ የሚመከት አይደለም። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠሉ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይመጠዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ አሲድ ይፈጥራል፤ ማሰል ለግንባታ የሚፈልገውን ካርቦኔትም ይቀንሳል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የውቅያኖስ ገጽ አሲድነት በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ይበልጥ የሚጎዱት ጨቅላዎቹ ናቸው። ማሰል ከእንቁላል በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጀመሪያ ዛጎሉን መሥራት አለበት፤ ያን ዛጎል የሚሠራበት አራጎናይት ደግሞ ከካልሳይት ይልቅ በቀላሉ ይሟሟል። በስኮትላንድ የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አሲድነቱ ከፍ ባለ ውሃ ያሳደጓቸው ማሰሎች ዛጎል ይበልጥ ተሰባሪ ሆኖ አግኝተውታል።

ባሕሩ ከእኛ ርቋል ብለን ጉዳዩን ልንተወው አይገባም። በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ዛሬ ኢትዮጵያ የምንለውን ምድር ባሕር በሸፈነበት ጊዜ የተነባበረ ነው፤ በውስጡም ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳት ዛጎሎች ቅሪት ይገኛል። እንስሳቱ ከጠፉ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በኋላም ሥራቸው ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ዛሬም ከባሕር ጋር ያለን ትስስር አልተቋረጠም፤ የትም ቦታ ከሚቃጠል ነዳጅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁላችንም ከምንጋራው ከባቢ አየር ይቀላቀላል፤ ከፊሉም ወደ ባሕር ይገባል። ስለዚህ ማሰልን መጠበቅ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ሥራ ብቻ አይደለም። የምናቃጥለውን ነዳጅ መቀነስ በየትኛውም አገር የሚኖር ሰው ለዚህ ትንሽ ገንቢ ሊያደርግለት የሚችለው ትልቁ ውለታ ነው።