«ክፍል ሁለት» የማን ነው? በአነስተኛ ገንዘብ ስለሚሠሩ የካራቴ ፊልሞችና ስለ ተከታዮቻቸው

የካራቴ ፊልም የሚወድ ተማሪ የሌለበት ክፍል ያለ አይመስለንም። ቪዲዮ ቤቶች በየከተማው ሞልተው በነበረበት ጊዜ ተማሪው ሳንቲሙን ከፍሎ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቦ ያይ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ፊልም ከጓደኛው ስልክ ወደ ራሱ ስልክ አስገልብጦ ያያል። በሁለቱም ዘመን ሳይለወጥ የቆየው ከፊልሙ ስም በስተመጨረሻ የሚለጠፈው ቁጥር ነው። 2 አለ፣ 3 አለ፣ እስከ 8 የዘለቀም አለ። ተማሪው ቁጥሩን አምኖ፣ ባለፈው ያየው አክተር ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ ጓጉቶ ይቀመጣል። ፊልሙ ሲጀመር ግን አክተሩ ሌላ ሰው፣ አገሩ ሌላ አገር፣ ጠቡም ሌላ ጠብ ሆኖ ያገኘዋል። «ታዲያ ይኼ የምኑ ክፍል ሁለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከመምህሩም «ዝም ብሎ የማይረባ ፊልም ነው» ከሚል መልስ የተሻለ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ ያንን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በትምህርት ቤት የለመድነው መጽሐፍ ክፍል ሁለት ካለው፣ ክፍል አንድ ካቆመበት ይቀጥላል። በአነስተኛ ገንዘብ በሚሠራው ፊልም ዘንድ ግን ቁጥሩ የታሪክ ተራ ቁጥር ሳይሆን የንግድ ምልክት ነው። ጥሩ ስም ያተረፈ ምግብ ቤት ባለቤቱ ቢለወጥ፣ ወጥ ሠሪዋም ብትሄድ፣ ታፔላው እንደማይወርድ ማለት ነው። የዚህም ምክንያት ገንዘቡ ከሚገኝበት መንገድ ይመነጫል። ካነን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ለምሳሌ እንውሰድ። ሜናኼም ጎላንና ዮራም ግሎቡስ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን የአጎት ልጆች በ1979 ኩባንያውን በእጃቸው ካስገቡ በኋላ፣ በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በሚደረገው ዓመታዊ የፊልም ገበያ ላይ ገና ያልተሠሩ ፊልሞችን ፖስተር ይዘው ይቀርቡ ነበር። የየአገሩ አከፋፋይ ፖስተሩን አይቶ ውል ይፈርማል፤ ኩባንያው ውሉን ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ ባንኩ በውሉ ላይ ያበድራል፤ ፊልሙም በብድሩ ይሠራል። እንግዲህ አከፋፋዩ በሚፈርምበት ሰዓት ያየው ታሪክ የለም። የሚያውቀው ነገር ቢኖር አምና የተሸጠለትን ስም ብቻ ነው። በዚያ ስም ላይ 2 ከተጨመረበት ይገዛል። ቁጥሩ ከታሪኩ ቀድሞ ይወለዳል የምንለው ስለዚህ ነው።

ከ1976 ጀምሮ በጃፓን ለሽያጭ የቀረበው የቪ ኤች ኤስ ካሴት በ1980ዎቹ በየቤቱ ሲገባ ይህ ንግድ ይበልጥ ደራ። የካሴት አከራይ ሱቅ መደርደሪያውን መሙላት ነበረበት፤ ደንበኛውም የሚመርጠው የሣጥኑን ሥዕልና ስም አይቶ ነበር።

ይሁንና ቁጥሩ ያለ ታሪክ ብቻውን ሲሄድ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በአንድ ሰው ሞት ዙሪያ ነው። ብሩስ ሊ በ1940 በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በሆንግ ኮንግ አደገ። በ1972 «ፊስት ኦቭ ፊዩሪ» የተባለውን ፊልም ሠራ። በዚያ ፊልም መጨረሻ ላይ አክተሩ ጠመንጃ ወደ ደገኑት ሰዎች ሮጦ ይዘላል፤ የተኩስ ድምፅ ይሰማል፤ ፊልሙ እዚያው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አክተሩ ሞቷል። የሞተ ሰው ታሪክ ክፍል ሁለት ሊኖረው አይገባም ብለን ስናስብ፣ ለዚያ ፊልም አንድ ሳይሆን ሁለት የማይገናኙ ተከታዮች ተሠሩለት፤ አንዱ በ1976 በጃኪ ቻን፣ ሁለተኛው በ1977 ብሩስ ሊን በሚመስል የታይዋን ተወላጅ። የኋለኛው ተዋናይ የገዛ ስሙ ሆ ቹንግ ታው ሲሆን፣ በፖስተር ላይ ግን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ «ብሩስ ሊ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በአማርኛ ፊደል ብንጽፈው ልዩነቱ ጨርሶ አይታይም፤ ከሩቅ ለሚያነብ የእንግሊዝኛ አንባቢም ቢሆን እምብዛም አልታየም።

እውነተኛው ብሩስ ሊ በ1972 «ጌም ኦቭ ዴዝ»፣ ማለትም የሞት ጨዋታ የተባለ ፊልም ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ፎቅ በፎቅ የሚወጣበት ግንብ፣ በየፎቁም የተለየ የትግል ስልት ያለው ጠባቂ። የላይኛውን ፎቅ የሚጠብቀው 2 ሜትር ከ18 ሳንቲም የሚረዝመው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ካሪም አብዱል ጀባር ነው። ሆኖም «ኤንተር ዘ ድራገን» የተባለው ትልቅ ሥራ ስለመጣለት ይህን አቋርጦ ሄደ፤ ሐምሌ ወር 1973 በ32 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙ ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ይኸው ፊልም «ተጠናቅቆ» ወጣ። ሟቹ ራሱ ከቀረጸው ትግል የገባው ወደ 11 ደቂቃ የሚጠጋ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ሌሎች ሰዎች ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በጨለማ ቆመው ተጫወቱለት። በአንድ ትዕይንት ላይማ የብሩስ ሊ ፊት ከካርቶን ተቆርጦ መስተዋት ላይ ተለጥፎ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ አክተሩ የሞተ መስሎ የሚደበቅበት ቦታ አለና፣ ለዚያ የገባው የእውነተኛው የቀብር ሥነ ሥርዓት ፊልም ነው። በሆንግ ኮንግ በእውነት ያለቀሰው ሕዝብ፣ ያለ ፈቃዱ የፊልም አጃቢ ሆነ። እኛ ይህን ትዕይንት ከገንዘብ እጥረት የመጣ ብልሃት ብለን ልናልፈው አንችልም።

ከእነዚያ ተተኪዎች ዋናው ኪም ታይ ቹንግ የተባለ የኮሪያ ሰው ነበር። በ1981 «ጌም ኦቭ ዴዝ 2» በንግ ሲ ዩየን ዳይሬክተርነት ሲሠራ፣ ከ«ኤንተር ዘ ድራገን» ተቆርጠው የቀሩ ቁርጥራጮች ተለቅመው የሟቹን ፊት ለጥቂት ጊዜ እንዲያሳዩ ተደረገ። ቁርጥራጩ ሲያልቅ ምን ይደረግ? አክተሩ በአንድ ቀብር ላይ ሳለ ሄሊኮፕተር የሬሳውን ሣጥን ነጥቆ ሲነሣ፣ ሣጥኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣና ወድቆ ይሞታል። ደሙን ለመመለስ ወንድሙ ይነሣል። ወንድሙ ኪም ታይ ቹንግ ነው፤ አሁን ግን ያለ መነጽር፣ በራሱ ፊት። ድርሰቱ እንዲህ የታጠፈው ደራሲው ስለ ወንድማማች ፍቅር የሚናገረው ኖሮት ሳይሆን ፊልሙ ስላለቀበት ነው። የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ ግራ ሲያጋባን «ምን አልቆባቸው ይሆን?» ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱን እናገኛለን።

ያው ንግ ሲ ዩየን በ1986 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበውን «ኖ ሪትሪት፣ ኖ ሰረንደር» ፕሮዲዩስ አደረገ። ኪም ታይ ቹንግ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ አሁን የብሩስ ሊ መንፈስ ሆኖ አንድ አሜሪካዊ ልጅ ያሠለጥናል። ልጁ በመጨረሻ የሚገጥመው ሩሲያዊ ያኔ ስሙ ያልታወቀው ዣን ክሎድ ቫን ዳም ነበር። ፊልሙ ተሸጠ፤ ስለዚህ ቁጥር ተጨመረበት። 2 በ1987 ሲወጣ ልጁም መንፈሱም የሉም፤ ሎረን አቨደን የተባለ ሌላ ተዋናይ እጮኛውን ለማስለቀቅ በታይላንድ ይዋጋል። በ1990 3 ሲወጣ አቨደን አለ፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው፤ የአባቱን ደም የሚመልስ የሌላ ቤተሰብ ልጅ። ከሁሉ የሚያስደንቀን «አሜሪካን ሻዎሊን» የተባለው የ1991 ፊልም ነው። በአንዳንድ ገበያ የዚህ ተከታታይ 5 ተብሎ ሲሸጥ፣ በሌላ ገበያ ደግሞ «ኪንግ ኦቭ ዘ ኪክቦክሰርስ» የተባለው ፊልም 2 ተባለ። አንድ ፊልም በአንድ ጊዜ አምስተኛም ሁለተኛም ሆነ። የሒሳብ መምህራን ምን እንደሚሉ እንጃ።

በመግቢያችን ላይ 8 የደረሰ አለ ያልነው የሮጀር ኮርማን «ብለድፊስት» ነው፤ ከ1989 እስከ 1996 ተሠርቷል። በሁሉም ውስጥ ዶን ዊልሰን አለ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን በየፊልሙ ሌላ ሰው ነው።

ወደ ካነን ስንመለስ፣ ኩባንያው ርካሽ ነገር ማግኘት ያውቅበት ነበር፤ ከሁሉ የረከሰውም ጭምብል ነው። ኒንጃ ፊቱን ይሸፍናል። ፊቱን የሸፈነ ሰው አሥር ጊዜ ሊሞት ይችላል፤ ወድቆ ይነሣና ከሌላ በኩል ይመጣል። በ1985 «አሜሪካን ኒንጃ» ሲሠራ የተመረጠው ማይክል ዱዲኮፍ ካራቴ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ጭምብል ባጠለቀ ቁጥር ግን የሚያውቅ ሰው በእሱ ፈንታ ሊገባ ይችላል። ይህ ተከታታይ እስከ 1993 ድረስ አምስት ደረሰ፤ ሦስተኛው ላይ አክተሩ በዴቪድ ብራድሊ ተተካ፤ አራተኛው ላይ ሁለቱም መጡ፤ አምስተኛው ላይ ብራድሊ ቢኖርም ሌላ ሰው ሆነ።

ቦታም ይቆጠባል። የመጀመሪያው በፊሊፒንስ ተቀረጸ። በ1987 የወጣው 2 ታሪኩ የሚፈጸመው በካሪቢያን ደሴት ነው ይባላል፤ የተቀረጸው ግን በደቡብ አፍሪካ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከዘር መድልዎ አገዛዝ ጋር የባህል ግንኙነት እንዲቋረጥ በ1968 ጥሪ አድርጎ ነበር። በ1980ዎቹ ግን ደቡብ አፍሪካ ለፊልም ሠሪዎች የግብር ቅናሽ ትሰጥ ስለነበር፣ ርካሽ ፊልም የሚሠሩ ኩባንያዎች ይጎርፉባት ነበር። የዘንባባ ዛፉንና የባሕር ዳርቻውን እያየ አክተሩን የሚያበረታታ አፍሪካዊ ተማሪ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ በመጋረጃው ላይ ያለው ስም ካሪቢያን ነበርና። ስለዚህ የፊልሙ ስም ብቻ ሳይሆን የቦታውም ስም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ስንል ፊልሞቹ ምንም የላቸውም ማለታችን አይደለም። ገንዘብ በሌለበት ያለው የሰው ጉልበት ነው፤ የሆንግ ኮንግ ሰዎች ደግሞ በዚህ የሚወዳደራቸው አልነበረም። የ«ኖ ሪትሪት» 1ንና 2ን ዳይሬክተር ኮሪ ዩየን፣ በ1978ቱ «ጌም ኦቭ ዴዝ» ትግሉን ያዘጋጀው ሳሞ ሁንግ፣ እዚያው የሚገለባበጠውን የተካው ዩየን ቢያው፣ ጃኪ ቻንም ጭምር ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ መምህር ዩ ጂም ዩየን በሆንግ ኮንግ የፔኪንግ ኦፔራ የሚያስተምሩበት ነበር። ልጆቹ እዚያው እያደሩ፣ በዱላም እየተቀጡ፣ መገለባበጥና መዝፈን ለዓመታት ተማሩ፤ ጃኪ ቻን ማንበብና መጻፍ እምብዛም እንዳልተማረ ራሱ ተናግሯል። በመጋረጃው ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚታየው ዝላይ የዚያ ሥልጠና ውጤት ነው። ትግሉም ቢሆን አስቀድሞ እየተቆጠረ እንደ ጭፈራ የተጠና ነው፤ የቡጢው ድምፅ በኋላ በስቱዲዮ የሚጨመር ነው፤ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች የተዋናዮቹ ንግግር እንኳ ሳይቀር በብዛት ከቀረጻ በኋላ ይገባ ነበር። በዕረፍት ሰዓት በጓደኛቸው ደረት ላይ ለሚዘሉ ተማሪዎች ይህ ቢነገራቸው ደግ ነው።

በክፍል ውስጥ ሊጠቀምበት ለሚፈልግ መምህር አንድ ጥሩ ነገር አለ። ብሩስ ሊ ለ«ጌም ኦቭ ዴዝ» ቀርጾት ተረስቶ የነበረው ፊልም ተገኝቶ፣ በ2000 «ብሩስ ሊ፦ ኤ ዋሪየርስ ጀርኒ» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሆነው እሱ ባሰበው ቅደም ተከተል ታይቷል። ይህንና የ1978ቱን ፊልም መጨረሻ ጎን ለጎን ማሳየት ይቻላል። ቢጫ ልብሱ ያው ነው፤ ረጅሙ ተጋጣሚም ያው ነው። በአንደኛው ግን ሰውየው በየፎቁ የሚገጥመውን ስልት እያጠና፣ የራሱን እየለወጠ ይወጣል፤ በሁለተኛው ወንበዴ እያሳደደ በአንድ ምግብ ቤት ደረጃ ይወጣል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ማየት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ መነጽሩን ነው፤ መነጽር ያደረገውን ሰው በየትዕይንቱ እየቆጠሩ። ያ ሰው፣ ኪም ታይ ቹንግ፣ ከሦስቱ ፊልሞች በኋላ ከሲኒማ ርቆ በንግድ ሥራ ኖረ፤ በ2011 አረፈ።