ኪምቺና ቆጮ

ጳውሎስ በሚገኝበት በጉለሌ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳ፣ የዶርዜ ሸማኔዎች ከሰፈሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ከአገራቸው የሚወዱት የእንሰት ምግብ፣ ቆጮ፣ የኮሪያው ኪምቺ ዘመድ ነው ቢባል ማን ያምናል?

ኮሪያዊቷ የቤት እመቤት የቻይና ጎመን በጨው ትዘፈዝፋለች። ጨው ውሃውን ከቅጠሉ ስቦ ያወጣል፤ ብዙዎቹን አበስባሽ ተህዋስያን ይገታል። ከዚያም በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለውሳ በሸክላ ማሰሮ ትጠቀጥቀዋለች። ሌኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያ የጎመኑን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ መለወጥ ይጀምራል።

ቆጮ ግን ያለ ጨው ነው የሚብላላው። ታዲያ ስለ ምን አይበሰብስም? የተፋቀው እንሰት የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተጠቅጥቆ፣ ድንጋይ ተጭኖበት አየር ያጣል፤ አስቀድሞ ከተብላላው የተወሰደ እርሾም ይታከልበታል። ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ እዚህም ሥራውን ከሚጀምሩት አንዱ ያው ሌኮኖስቶክ ነው። ላክቶባሲለስ ተከትሎ፣ ከ6.5 የጀመረው ፒኤች ወደ 4.2 ገደማ ይወርዳል። አደገኛው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ደግሞ ከ4.6 በታች አያድግም። አስጊዎቹ እንግዲህ አሲዱ ሳይበረታ የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። (ጎብኚዎችን አፍንጫ የሚያሲዘው ጠረን ከአሲዶቹ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለለመደው ግን የምግብ ፍላጎት ቀስቃሽ ነው።)

በሚገባ የታሸገ ጉድጓድ ቆጮውን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያቆያል፤ ዝናብ ሲጠፋ ቤተሰብን የሚያሻግረው ይህ ነው። ኪምቺ የሩዝ ማባያ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ አነስተኛ የሆነው ቆጮ ግን ራሱ ማባያ ይሻል፦ አይብ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ክትፎ።