በውኃ የሚለካ ትንፋሽ፦ የሲፓፕ መሣሪያ ግፊት በቆላና በደጋ



የዛሬው ንግግሬ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው ስለሚቋረጥባቸው ሰዎችና ሲፓፕ ተብሎ ስለሚጠራው መሣሪያ ነው። ርእሱን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዘመድ ከውጭ አገር የላከው መሣሪያ የቀድሞ ባለቤቱን ግፊት እንደያዘ ሥራ ላይ ሲውል ማየቴ ነው። ሁለተኛው፣ የጋሞ ዞን ከአባያና ከጫሞ ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ጉጌ ተራራ ከፍታው እጅግ የሚለያይ አገር መሆኑ ነው።

አስቀድመን ሕመሙን እንረዳ። ነቅተን ሳለን የጉሮሮ ጡንቻዎች የአየሩን መንገድ ከፍተው ይይዙታል፤ እንቅልፍ ሲወስደን ግን ይላላሉ። ለስላሳ የመስኖ ቱቦ በአንድ ጫፉ በኃይል ሲሳብ ግድግዳው እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ በአንዳንድ ሰው ጉሮሮም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ይዘጋል። ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል። ይህ መቋረጥ ወይም መቀነስ በሰዓት ከ5 ጊዜ በታች ሲሆን እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። መዘዙ የደም ግፊትና የቀን እንቅልፍ ነው። ተራራ ለሚወጣና ለሚወርድ ሾፌር ደግሞ መሪ ላይ ማንቀላፋት የሕይወት ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሳሊቫንና ባልደረቦቹ በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ አየር በመንፋት ጉሮሮው እንዳይዘጋ ማድረግ እንደሚቻል አሳተሙ። አየሩ እንደ ድጋፍ ሆኖ መንገዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። መለኪያው ሴንቲ ሜትር ውኃ ይባላል። የቱቦን ጫፍ ከውኃ ወለል በታች 10 ሴንቲ ሜትር አጥልቀን አረፋ እስኪወጣ ስንነፋ፣ የሚያስፈልገን ግፊት 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት በተመሠረተ ተቋም ውስጥ ይህ መለኪያ ባዕድ ሊሆንብን አይገባም። የተለመዱት መሣሪያዎች የሚሠሩት ከ4 እስከ 20 ባለው መካከል ነው።

ታዲያ ለአንድ ሰው ትክክለኛው ግፊት እንዴት ይገኛል? በእንቅልፍ ላብራቶሪ ከ4 ተጀምሮ፣ ቢያንስ በየ5 ደቂቃው 1 እየተጨመረ፣ መቋረጡም ማንኮራፋቱም እስኪጠፋ ይታያል። የሚፈለገው ይህን ሁሉ የሚያስወግደው ዝቅተኛ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ጉሮሮው ይዘጋል። ሲበዛ ግን አየር በጭምብሉ ጠርዝ ያፈተልካል፣ ሆድን ይነፋል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም አንጎል ራሱ የትንፋሽ ትእዛዝ መስጠቱን ለጊዜው እንዲያቆም ያደርጋል። ስለዚህ «ካልተሻለኝ ልጨምረው» የሚለው ውሳኔ ችግሩን ሊያብሰው ይችላል። የሌላ ሰው ግፊትም እንደ ሌላ ሰው መነጽር ነው።

አሁን ወደ ከፍታ እንምጣ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። በመኪና ብዙም በማይርቅ ጉዞ አየሩ በግልጽ ይሳሳል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ማራገቢያ በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ፣ የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር አብሮ ይወርዳል። በስሌቴ መሠረት፣ አርባ ምንጭ ላይ 10 የተስተካከለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ጨንቻ ላይ ከ9 በታች ይሰጣል። አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎች ለዚህ ሲባል በእጅ የሚለወጥ የከፍታ ምርጫ አላቸው። አዳዲሶቹ ግፊቱን በራሳቸው እየለኩ ፍጥነቱን ያስተካክላሉ፤ ሆኖም የብዙዎቹ ዋስትና 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል። ጨንቻ ከዚያ በላይ ናት።

ሁለተኛ ነገርም አለ። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ኦክሲጅን ሲያንሰው በብዛት ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንስና በእንቅልፍ መካከል ትንፋሹ ለጊዜው ይቆማል። እዚህ ላይ የተዘጋ ጉሮሮ የለም፤ ስለዚህ ግፊት መጨመር መፍትሔ አይሆንም። የመሣሪያው መዝገብ የተዘጋውንና የቆመውን ትንፋሽ ከለየ፣ ሐኪሙ ከመወሰኑ በፊት ሊያየው ይገባል።

ከዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ግልጽ ይመስለኛል። በመጀመሪያ ጭምብሉ አየር እንዳያፈተልክ ይፈተሽ። ቀጥሎ መዝገቡ ይነበብ፤ በሰዓት የቀረው መቋረጥ ከ5 በታች ከሆነና ሰውየው ከተሻለው ግፊቱ አይነካ። ከዚያም የክብደት ለውጥ፣ የአልኮል መጠጥና በጀርባ መተኛት ይጠየቁ። ግፊትን መለወጥ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም በሐኪም እጅ።

ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ልተው። በዩ ቅርጽ የታጠፈ ግልጽ ቱቦ፣ ጥቂት ውኃና ማስመሪያ ለመለኪያነት ይበቃሉ፤ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው። አንድን መሣሪያ ሳትነኩት አርባ ምንጭ ላይ ለኩት፤ ጨንቻ ወጥታችሁ ድገሙት። የምታገኙት ቁጥር ደጋ ላይ ለሚተኛ አንድ ሕመምተኛ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሰንጠረዥ የበለጠ ይጠቅመዋል።