«እትዬ፣ እኔን ፈርተው ነው?»

የዛሬው ጨዋታዬ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው። አሜሪካ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ዘመድ ካላችሁ ይጠቅመው ይሆናል።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። አንዲት ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አለችኝ። ከደንበኞቼ አንዱ ታክሲ ነጂ ነው። ጨዋ ሰው፣ ሂሳብ አሳድሮ የማያውቅ! አንድ እሁድ ቤቱ በቤተሰብ ጢም ብሎ ሳለ፣ እጁን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ኮቱ ተገለጠ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ! አጠገቡ የነበረችው እናት ልጇን ጎትታ ውልቅ አለች። ያዘዘችው ሽሮ ጠረጴዛው ላይ እየተንተከተከ ቀረ።

ምን ልበላችሁ... ሰውዬው እኮ ጥፋት የለበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት ሲሠራ ተዘርፏል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ አውጥቶ ይታጠቃል። ቴክሳስ ደግሞ ሽጉጥ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሰው በግልጽ መታጠቅ ይችላል። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህማ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድም ይታጠቃል።

«ሕገ መንግሥታዊ መብቱ ነው፣ ዝም በይ!» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ስጠይቅና ሳነብ ሰነበትኩ። ለካስ በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እጁን የሚይዘው መንግሥትን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2022 ከቤት ውጭ መታጠቅ መብት ነው ብሎ ሲወስን የገደበው መንግሥትን ነው። የእኔን በር የምከፍተውም የምዘጋውም እኔው ነኝ።

ታዲያ «መሣሪያ ክልክል ነው» ብሎ ወረቀት መለጠፍ ብቻ አይበቃም። ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ማስታወቂያው ምን እንደሚል ሕጉ ራሱ ደንግጎታል። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይጻፋል፤ የፊደሉ ቁመት ከአንድ ኢንች፣ ማለትም ከ2.5 ሳንቲ ሜትር፣ አያንስም። ደብቆ ለሚይዝ አንድ፣ በግልጽ ለሚታጠቅ ሌላ! ይህን ጥሶ የገባ እስከ 200 ዶላር ይቀጣል። በቃል ተነግሮት አልወጣም ካለ ግን እስከ አንድ ዓመት እስራት አለ። ከገቢው 51 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ከመጠጥ የሚያገኝ ቡና ቤት ሲሆን ሕጉ ራሱ ይከለክላል። የእኔ ቤት ከቢራው እንጀራው ስለሚበዛ ውሳኔው የራሴ ነው።

ከመለጠፌ በፊት ወደ ጓዳው በር ጠራሁትና «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት መሣሪያ አይገባም። መኪናህ ውስጥ ቆልፈህበት ግባ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ እኔን ፈርተው ነው?»

«ኧረ አንተን አይደለም!»

«መኪናው ተሰብሮ ቢሰረቅስ? ሌባው በእኔ ሽጉጥ ሰው ቢገድልስ? ደሞስ ዘራፊ ማስታወቂያ አንብቦ ይመለሳል?»

እውነቱን ነው! መልስ አጣሁ። ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጎጃም የነበሩት አያቴ ትዝ አሉኝ። እንግዳ ሲመጣ ጠመንጃውን ተቀብለው ግድግዳው ላይ ይሰቅሉለት ነበር። እንግዳውም ቅር አይለውም፤ መሣሪያውን የተቀበለው ሰው ነፍሱንም አደራ ተቀብሏላ! ሲመሽበት እስከ ወንዙ የሚሸኙት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን «አውልቅ» አልኩ እንጂ «አለሁልህ» አላልኩም።

ማስታወቂያዎቹን ለጠፍኩ። በዚያው ሳምንት የመኪና ማቆሚያው ላይ ትልልቅ መብራት አስተከልኩ። ማታ ስንዘጋም ማንም ብቻውን አይወጣም፤ እንሸኛለን።

ሰውዬው ሦስት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ስልክ ደወለ። «እትዬ፣ ውጭ ነኝ፤ አንድ ጥብስ ያውጡልኝ። እርስዎ የቤትዎን መብት አስከብረዋል፤ እኔም የራሴን አልተውም» አለኝ። ራሴ ይዤለት ወጣሁና አንዷን ጉርሻ በመኪናው መስኮት አጎረስኩት። እስከ ዛሬ እንደዚሁ ነን። እሱ አይገባም፣ እኔም ማስታወቂያውን አላነሳም። ግን አልተቀያየምንም።

እናንተ ባለ ንግድ ቤቶች፣ ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የጎረቤትን ማስታወቂያ አትገልብጡ፤ ጠበቃ ጠይቁ። ደንበኛን በሰው ፊት አታዋርዱ፤ ለብቻው ንገሩት። የምትታጠቁ ደግሞ ባለቤቱ «አይገባም» ካለ በር ላይ አትሟገቱ። መኪናችሁ ውስጥ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ይኑራችሁ። መታጠቅ መብት ነው፤ የሰው ደጃፍ ግን ማስፈቀድን ይጠይቃል። ትጥቅ ያስፈታ ባለቤትም መሸኘትን አይርሳ!

ሰላም ሰንብቱ።