ልጆችን መጀመሪያ ወደ መልካ ቁንጡሬ

ቤተሰብ ጥንታዊ ቦታ ለማየት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በዝና ነው፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር። ምርጫው አይነቀፍም። ለልጅ የመጀመሪያ ጉዞ ግን ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ደግሞ ብዙዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ነው፦ ቦታው አንጋጠው የሚያዩት ሐውልት የለውም። ሐውልት ፊት የቆመ ልጅ ይደነቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ያበቃል። ማን ሠራው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከአስጎብኚው አፍ ተዘጋጅቶ ይመጣለታል። መልካ ቁንጡሬ ላይ ግን ያልጠየቀ ሰው ከድንጋይና ከአፈር በቀር የሚያየው ነገር የለም። የአርኪዮሎጂ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው፤ ከትንሽ ምልክት ተነሥቶ ትልቅ ነገር ላይ መድረስ።

ቦታው በሳይንሱ ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ያስተዋለውም ሆላንዳዊው የውኃ ጥናት ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ይዞ ለብዙ ዓመታት መራው፤ ኋላም የጣሊያን ተመራማሪዎች ቀጠሉበት። ወንዙና ገባሮቹ መሬቱን እየሸረሸሩ ገደል ባበጁበት ሁሉ የአሸዋ፣ የጠጠርና የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ይታያል። የአመዱ ዕድሜ በላቦራቶሪ ስለሚለካ በላዩና በሥሩ ለተገኘው ነገር ጊዜውን መገመት ይቻላል። ከሥረኛው እስከ ላይኛው ንብርብር ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬንና በአቅራቢያው ያለውን ባልጪትን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 700 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ንብርብር ላይ የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል። የጉማሬ አለ፣ የወፍ አለ፣ የሰውም አለ። ከሰዎቹ ዱካ ጥቂቱ የሕፃናት ነው፤ አንዳንዱማ ገና ቆሞ መሄድ የጀመረ ልጅ የረገጠው ይመስላል። እዚያው አካባቢ የድንጋይ መሣሪያዎችና የተበለተ ጉማሬ አጥንት ወጥተዋል። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ተመራማሪዎች፣ አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ሕፃናቱ ከአጠገባቸው አይርቁም ነበር የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ወላጅ ልጁን ቆም አድርጎ ሊጠይቀው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዱካው ሕፃን በዚያ ጭቃ ላይ እንዳለፈ ይመሰክራል። መሣሪያውና አጥንቱ በቦታው ሥራ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ልጁ እያየ ይማር ነበር የሚለው ግን ከሁለቱ ተነሥተን የምንሰጠው ግምት ነው፤ ደህና ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው። የታየውን ከተገመተው መለየት ለብዙ ትልልቅ ሰዎችም ያስቸግራል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን የራሱን እግር እያየ ሊረዳው ይችላል።

ጋርባ በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘው የሕፃን የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ትዕግሥት ጠይቋል። ልጁ ሲሞት ዕድሜው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆን ነው፤ የኖረው ግን ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የየትኛው ጥንታዊ የሰው ዘር እንደሆነ ባለሙያዎቹ ለዐሥርት ዓመታት ሲከራከሩበት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት ገና ከድድ ያልወጡት ጥርሶች ሳይሰበሩ ውስጣቸው በኃይለኛ ጨረር ታይቶ የሆሞ ኢሬክተስ ናቸው ተባለ። ለትምህርት ቤት ልጅ፣ በተለይ መልስ ቶሎ ካልመጣለት ለሚበሳጭ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ልጆች ይሰለቻሉ የሚል ይኖራል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይሰለቻል፤ ለእሱ ጉዞው የአዋሽ ዳር ሽርሽር ነው፣ ይኸም አይጎዳውም። ከፍ ያለው ልጅ ግን የሚሰለቸው ንግግር ሲበዛበት ነው። ሙዚየሙ በጎጆ ቅርጽ የተሠሩ ጥቂት ክፍሎች ስላሉት ቶሎ ይታያል፤ ቁፋሮው የተካሄደበትን ወለልም እዚያው ማየት ይቻላል። ባልጪት ላይ ደግሞ መሬቱ በባልጩት ስብርባሪ ተሸፍኗል፤ ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ እጅ የሚቆርጥ። ይህን ድንጋይ የአገራችን ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ራስ የተላጩበት አያቶችም ነበሩ። ሲምቢሮ በተባለው ሥፍራ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዚሁ ድንጋይ መጥረቢያ ተጠርቧል። ባልጩት በትንሽ ስሕተት ስለሚሰባበር ጠራቢው የተካነ መሆን አለበት።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከእምነት በኩል የሚመጣው ነው። ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ቤት ውስጥ ከሚሰማው ትምህርት ጋር ይጋጫል ብሎ የሚፈራ ወላጅ አለ። ፍርሃቱን አላቃልለውም፤ ልዩነቱ የለም ብሎ መሸፋፈንም ለልጁ አይበጅም። ይሁን እንጂ ልጁ ይህንኑ ቁጥር ከትምህርት ቤት መጽሐፉና ከስልኩ ማግኘቱ አይቀርም። ወላጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ድንጋዩን እያሳየ፣ ባለሙያዎቹ ይህን የሚሉት በዚህ በዚህ ምክንያት ነው፣ እኛ ደግሞ የምናምነው ይህን ነው ቢለው፣ ብቻውን ከሚሰማው ይልቅ ረጋ ብሎ ያስባል። ማስረጃን ማየት እምነትን ክዶ መሄድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ከልክሉ፤ ድንጋይ ኪስ አይገባም። ለጥናት የሚጠቅመው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ንብርብርና ጎረቤቱም ጭምር ነው። ከቦታው የተነሣ መጥረቢያ መቼ እንደተሠራ የሚናገርለት የለም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ማንሣት በሕግም የተከለከለ ነው። ለመሄድ በጋ ይመረጣል፤ በክረምት ጭቃው ያስቸግራል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሙዚየሙ ክፍት መሆኑን አጣሩ። ጠዋት ከወጣችሁ በዚያው መንገድ ወደፊት ቀጥላችሁ 36ቱን የቲያ ትክል ድንጋዮች ማየት ትችላላችሁ። ልጆቹ ከደከሙ ግን ቲያን ለሌላ ቀን አቆዩት።